ለኮንግረስ ሰዋችሁ ደውላችሁ ለምርምርና ለትምህርት በጀት ጨምሩ የምትሉበት መንገድ ደረጃ በደረጃ

የእህቴ ልጅ የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው፣ ደሞዟ የሚከፈለው መንግሥት ለምርምር ከሚሰጠው ግራንት ነው። አምና ግራንቱ ሳይታደስ ቀረና እሷም ሥራዋን አጣች፣ ፍሪዘር ውስጥ ስም ተለጥፎበት የተቀመጠው የ4 ዓመት ናሙና ነገር ሲነሳ እስካሁን ዓይኗ እንባ ያቀራል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ አንስቼ ኮንግረስ ጋ የደወልኩት ያኔ ነው። ከዛ በኋላ ብዙ ጊዜ ደውያለሁ፣ ሁለቴም ኮንግረሱ ያለበት ካፒቶል ሂል ድረስ ሄጃለሁ፣ ሰው ሲጠይቀኝ በቴሌግራም ቁርጥራጭ እየላኩ ከምደክም ሁሉንም አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይሄን የጻፍኩት። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ምሳሌዬ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ይበዛበታል፣ መንገዱ ግን ሲያትልም አትላንታም ኮሎምበስም ያው ነው።

ደግሞ ይሄን አንችልም እንዳትሉኝ። በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበው ኤችአር 128 የተባለው የውሳኔ ሐሳብ ጊዜ የደገፈውም የተቃወመውም ሀበሻ ስልክ ሲደውል ነበር፣ ኮሎራዶ አውሮራ ያሉት ወገኖቻችን ኮንግረስማናቸውን ይዘው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አስገፍተውት ኤፕሪል 10 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ስለ ሐሳቡ የፈለጋችሁትን አስቡ፣ ስልክ መደወሉን ግን እንደምናውቅበት ያን ጊዜ ታይቷል። ልጆቻችን ለሚማሩበትና እናቶቻችን ለሚታከሙበት ገንዘብ ግን እንደዛ ስንደውል አላየሁም፣ ይሄ ነው የሚቆጨኝ።

መጀመሪያ የእናንተ ሰው ማን እንደሆነ እወቁ

እያንዳንዱ ሰው ሦስት ሰው አለው፣ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባልና ሁለት ሴናተር። ሀውስ ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ ዚፕ ኮዳችሁን ስትጽፉ ተወካያችሁን ያወጣላችኋል፣ ሴናተሮቹን ደግሞ ሴኔት ዶት ጎቭ ላይ በስቴት ታገኛላችሁ። የሌላ ሰው ተወካይ ጋ አትደውሉ፣ ስልኩን የሚያነሳው ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ዚፕ ኮድ ነው፣ የእነሱ አካባቢ ካልሆነ አይቆጠርላችሁም።

ሜሪላንድ ላለን ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ልንገራችሁ። ሴናተር ክሪስ ቫን ሆለን ገንዘብ በሚመድበው የሴኔቱ አፕሮፕሪዬሽን ኮሚቴ ውስጥ የሳይንሱን ገንዘብ በሚያየው ንዑስ ኮሚቴ የዴሞክራቶቹ መሪ ናቸው፣ ማለትም ገንዘቡ የሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ሰው የእኛው ሴናተር ናቸው። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ያላችሁ ደግሞ ተወካያችሁ ዶን ባየር ናቸው፣ በዛ ዕድሜያቸው ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግበው የተማሩ ሰው ናቸውና የሳይንስ ጉዳይ ይዛችሁ ብትሄዱ ባዳ አትሆኑባቸውም። ዲሲ የምትኖሩ ግን ችግር አለባችሁ፣ ሴናተር የላችሁም፣ ያለችው አንዲት ዴሊጌት ዋናው ምክር ቤት ሕግ ሲያጸድቅ ድምፅ መስጠት አትችልም። እናንተ እዛም ደውሉ፣ በተጨማሪ ግን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለውን ዘመዳችሁን ቀስቅሱት፣ እሱ የራሱ ሰው ጋ ይደውል።

ዜጋ ያልሆናችሁ፣ ግሪን ካርድ ይዛችሁ የምትኖሩ፣ መደወል ትችላላችሁ። የአካባቢው ነዋሪ መሆን ነው የሚያስፈልገው፣ አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ላይ የተጻፈ መብት ነው፣ ስልክ ላይ ፓስፖርት የሚጠይቃችሁ የለም።

ሁለተኛ፣ ምን እንደምትጠይቁ በቁጥር ያዙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። "ሳይንስን ደግፉ" ብላችሁ ብትደውሉ ልጁ "እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" ብሎ ይዘጋል፣ አለቆቹም ሁላቸውም ሳይንስ እንወዳለን ስለሚሉ ምንም አልጠየቃችኋቸውም። የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የበጀት ሕጉን ስምና የብሩን መጠን ነው መናገር ያለባችሁ።

አንድ ነገር ለይታችሁ እወቁ፣ መፍቀድ ሌላ ነው ገንዘብ መስጠት ሌላ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ "ቤቱ ይሠራ" ብሎ መወሰኑ ብር ከኪስ ማውጣት እንዳልሆነ ሁሉ ኮንግረስም እንደዛ ነው። ኦገስት 2022 ላይ ቺፕስ ኤንድ ሳይንስ አክት የሚባል ሕግ ወጥቶ ለኤንኤስኤፍ፣ ለብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ማለት ነው፣ በ5 ዓመት ውስጥ 81 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደለት፣ ሁሉም አጨበጨበ። ለ2024 የተፈቀደው ከ15 ቢሊዮን በላይ ነበር፣ በተግባር የተሰጠው ግን 9.06 ቢሊዮን ብቻ ነው። ለዚህ ነው የምትደውሉት ስለ አፕሮፕሪዬሽን፣ በየዓመቱ ገንዘቡን ስለሚመድበው ሕግ፣ መሆን ያለበት፣ እጅ ላይ የሚገባው ብር እዛ ነው ያለው።

አፕሮፕሪዬሽኑ 12 ሕግ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ ንዑስ ኮሚቴ አለው። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉን በዋናነት ሁለቱ ናቸው። ሌበር ኤችኤችኤስ የሚባለው ውስጥ ኤንአይኤች አለ፣ ቤተዝዳ ያለው የጤና ምርምር ተቋም፣ የትምህርት ሚኒስቴሩም፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጠው ፔል ግራንቱም፣ ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚሰጠው ገንዘብም እዛው ነው ያለው። ኮሜርስ ጀስቲስ ሳይንስ የሚባለው ውስጥ ደግሞ ኤንኤስኤፍና ናሳ አሉ። የፊዚክስና የኢነርጂ ምርምር የሚያሳስባችሁ ከሆነ ኢነርጂ ኤንድ ዋተር የሚባለውን ጨምሩበት።

ለ2026 በጀት ዓመት ዋይት ሃውስ ኤንኤስኤፍን ከ9 ቢሊዮን ወደ 3.9 ቢሊዮን፣ ኤንአይኤችን ደግሞ ከ47 ቢሊዮን ገደማ ወደ 27.5 ቢሊዮን ለማውረድ ነበር የጠየቀው። ኮንግረስ ሁለቱንም አልተቀበለም፣ ለኤንኤስኤፍ 8.75 ቢሊዮን አጸደቀ። ይሄን የምነግራችሁ ዋይት ሃውስ የጠየቀው የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው፣ የብሩን መጠን የሚወስኑት እናንተ የምትደውሉላቸው ሰዎች ናቸው። ደግሞ የአንድ ፓርቲ ጉዳይ አድርጋችሁ አትዩት፣ ከ1998 እስከ 2003 ሁለቱ ፓርቲዎች ተስማምተው የኤንአይኤችን በጀት ከ13 ቢሊዮን ምናምን ወደ 27 ቢሊዮን እጥፍ አድርገውታል።

ሦስተኛ፣ መቼ እንደሚደወል

የአሜሪካ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፣ ሥራው ግን ከብርዱ ወራት ነው የሚጀመረው። ፕሬዚዳንቱ ጥያቄውን ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ እንዲያቀርብ ሕጉ ያዛል፣ ብዙ ጊዜ ይዘገያል እንጂ። ማርችና ኤፕሪል ወርቅ ነው፣ አባላቱ ለንዑስ ኮሚቴው "ለዚህ ይሄን ያህል ስጡ" ብለው የሚጽፉት፣ "ውድ ባልደረባዬ" የሚባለውን የጋራ ደብዳቤም እየተፈራረሙ የሚያስገቡት ያኔ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ስልክ "ሴናተሩ የኤንኤስኤፉን ደብዳቤ ይፈርሙ" ብላችሁ ብትደውሉ ልጁ አዎ ወይ አይ የሚባልበት ጥያቄ ነው የያዘው፣ መልስም ታገኛላችሁ። ከሜይ እስከ ጁላይ ንዑስ ኮሚቴዎቹ ሕጉን ይቀርጻሉ። ኦገስት ላይ አባላቱ ወደ አካባቢያቸው ይመለሳሉ፣ ታውን ሆል የሚባለውን ከሕዝብ ጋር የሚነጋገሩበትን ስብሰባ የሚጠሩት ያኔ ነው፣ ቦታው ለእናንተ ቅርብ ስለሆነ እንዳያመልጣችሁ። ሴፕቴምበር ላይ ካልተስማሙ በነበረው በጀት ይቀጥላል ይባልና ነገሩ እስከ ብርዱ ወራት ይጎተታል፣ ያኔም መደወሉን አታቁሙ።

አራተኛ፣ የራሳችሁን ታሪክ አዘጋጁ

ይሄ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡ፣ ቁጥሩን እነሱም ያውቁታል፣ የእናንተን ቤት ግን አያውቁም። ሦስት አረፍተ ነገር ይበቃል፣ ማን እንደሆናችሁ፣ ገንዘቡ ሲኖር ወይም ሲቀር እናንተ ቤት ምን እንደሆነ፣ ከዛ ጥያቄው። ልጃችሁ በፔል ግራንት የምትማር ከሆነ ተናገሩ፣ ትልቁ ፔል ለ2025-26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነው፣ እሱ ባይኖር ስንት ፈረቃ ተጨማሪ ትነዱ እንደነበር ራሳችሁ አስሉት። ልጃችሁ ሃይስኩል ሆኖ አፕዋርድ ባውንድ፣ ለኮሌጅ የሚያዘጋጀው የፌደራል ፕሮግራም፣ የገባ ከሆነም እሱን ተናገሩ፣ በዋይት ሃውስ የ2026 ጥያቄ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቅር ከተባሉት ፕሮግራሞች አንዱ ነበር።

"ይሄ ሁሉ ምርምር ምን ያደርጋል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሁለት ታሪክ ይዤላችኋለሁ፣ ሁለቱንም ብዙ ጊዜ ተናግሬያቸው ሰው ዝም ብሎ ሲሰማ አይቻለሁ። አንደኛው የስኳር ነው። ብሮንክስ የሚገኘው የመንግሥት የጦር አርበኞች ሆስፒታል ውስጥ ጆን ኢንግ የሚባሉ ሐኪም በአሪዞና በረሃ የምትኖር ጊላ ሞንስተር የምትባል እንሽላሊት መርዝ ውስጥ አንድ ሆርሞን አገኙ፣ ነገሩ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ያን ጊዜ የእንሽላሊት መርዝ ለምን ይጠናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ከሷ የመጣው የስኳር መድኃኒት 2005 ላይ ተፈቀደ፣ ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያወራለት በሳምንት አንዴ የሚወጋው መድኃኒት የዚሁ ቤተሰብ ነው። እናቴ ማቀዝቀዣው በር ላይ ከእንቁላሉ ጎን ነው መርፌዋን የምታስቀምጠው፣ እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ትወጋለች፣ ሁሌ ያቺ እንሽላሊት ናት ትዝ የምትለኝ።

ሁለተኛው የራሳችን ሰው ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ኢንዲያና ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጡ። አቀንጭራ ምን እንደሆነ ገበሬ ቤት ያደገ ያውቀዋል፣ የማሽላውን ሥር ይዞ እየመጠጠ ማሳውን ባዶ የሚያስቀር አረም ነው። ለዛ ሥራ 2009 ላይ የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ 2023 ላይ ደግሞ ከፕሬዚዳንት ባይደን እጅ ብሔራዊውን የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ። ለዚያ ምርምር ለብዙ ዓመት ገንዘብ ካወጡት አንዱ የአሜሪካ መንግሥት ነው፣ የውጭ እርዳታ ድርጅቱ በነበረው በዩኤስኤአይዲ በኩል። ኦፊስ ገብታችሁ ይሄን ስትናገሩ አገራችሁንም ሙያውንም አንድ ላይ ነው የምታስረዱት።

አምስተኛ፣ ደውሉ

የካፒቶሉ ማዞሪያ 202-224-3121 ነው፣ የሰውዬውን ስም ስትነግሯቸው ያገናኟችኋል። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ውስጥ ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቼ ነው የደወልኩት፣ እጄ ሁሉ አልቦኝ ነበር። ያነሳው ድምፁ የኮሌጅ ተማሪ የሚመስል ልጅ ነው፣ ስሜን ጠየቀኝ፣ ዚፕ ኮዴን ጠየቀኝ፣ ስናገር ኪቦርዱ ይሰማኛል፣ "አመሰግናለሁ፣ መልስ እንዲላክልዎ ይፈልጋሉ?" አለኝ፣ አለቀ፣ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ያ ኪቦርድ ነው ዋናው ነገር፣ የተናገራችሁት በርዕስ ተመዝግቦ ከሌላው ጋር ይቆጠራል፣ በዚህ ሳምንት ስለ ኤንአይኤች ስንት ሰው ደወለ የሚለው ቁጥር ወደ ላይ ይሄዳል።

እንዲህ በሉ፦

"ጤና ይስጥልኝ፣ ስሜ እገሌ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ፣ ዚፕ ኮዴ ይሄ ነው። ሴናተሩ በሚቀጥለው የኮሜርስ ጀስቲስ ሳይንስ በጀት ላይ ለኤንኤስኤፍ ቢያንስ በ2023 ወደነበረው 9.87 ቢሊዮን ዶላር እንዲመለስ እንዲጠይቁ ነው የደወልኩት። የእህቴ ልጅ ግራንት ሲቋረጥ ከላብራቶሪ ሥራዋ ወጥታለች። ሴናተሩ በዚህ ላይ ያላቸውን አቋም በጽሑፍ እንዲልኩልኝ እፈልጋለሁ።"

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ ይጻፉላችሁ፣ ከወረቀት አንብቡት፣ ማንበብ ነውር የለውም። "ኮንስቲቱወንት" የምትለዋን ቃል ግን አትርሷት፣ የእናንተ አካባቢ ሰው ነኝ ማለት ናት። አክሰንት አያሳፍራችሁ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ካላችሁ አስተርጓሚ ሆኖ ልጃችሁ ከጎናችሁ ይቀመጥ፣ ስሙና ዚፕ ኮዱ ግን የእናንተ ይሁን።

በአንድ ስልክ አንድ ጉዳይ ብቻ። የወንድማችሁን የቪዛ ጉዳይ፣ የአገር ቤት ፖለቲካና የሳይንስ በጀትን አትቀላቅሉ፣ ልጁ የትኛው ርዕስ ስር እንደሚጽፈው ይጠፋዋል፣ የቪዛው ጉዳይ ለብቻው የሚያየው ሰው አለው። ሰውየው ድሮም ደጋፊ ከሆነም ደውሉ፣ "ሕዝቡ ይሄን ይፈልጋል" ብሎ ለመከራከር የሚይዘው ያንን ቁጥር ነው። ማታ ደውላችሁ ቮይስሜይል ከገባላችሁ እዛው ተናገሩ፣ ዚፕ ኮዱን ጨምራችሁ።

በወረቀት ደብዳቤ ካፒቶል ድረስ አትላኩ፣ ከ2001ዱ የአንትራክስ ጥቃት ወዲህ ፖስታው ሁሉ ስለሚፈተሽ ይዘገያል። ኢሜይል ያድርጉ፣ ወይ አካባቢያችሁ ያለው ኦፊስ በእጅ ስጡ። ከድርጅት የመጣ አንድ ዓይነት ኢሜይል ስሙን ብቻ ቀይሮ ከመላክ ሁለት መስመር የራሳችሁን ጨምሩበት።

ስድስተኛ፣ ከቻላችሁ ሄዳችሁ አግኟቸው

የዲሲ አካባቢ ሰው እዚህ ጋ ሌላው አሜሪካዊ የሌለው ዕድል አለው፣ በሜትሮ ነው የምንሄደው። ለተወካዮቹ ካፒቶል ሳውዝ ውረዱ፣ ለሴኔቱ ዩኒየን ስቴሽን። ሕንጻው መግቢያ ላይ እንደ ኤርፖርት ቦርሳ ይፈተሻል፣ ከዛ በኋላ ኮሪደሩ ክፍት ነው። ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ለኦፊሱ በኢሜይል ቀጠሮ ጠይቁ፣ ስለ ጤና ወይም ስለ ሳይንስ የሚከታተለውን ስታፍ ማግኘት እንደምትፈልጉ ጻፉ። ራሳቸውን ሴናተሩን ካላገኘሁ ብላችሁ አትዘኑ፣ ሠራተኞቹ ናቸው ማስታወሻውን የሚጽፉት፣ ብዙዎቹ የልጆቻችን እኩዮች ናቸው፣ በትህትና አነጋግሯቸው።

ከሦስት ከአራት ሰው በላይ አትሂዱ፣ ጊዜው 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ማን ምን እንደሚናገር ከመግባታችሁ በፊት ተከፋፈሉ። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ አንዲት እናት አብራን ነበረች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ኩላሊቷ ሁለት ዓመት ዲያሊሲስ ላይ እንደነበረና አሁን በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ውስጥ እንደገባች በአማርኛ ተናገረች፣ የልጇ ልጅ ተረጎመላት። ስታፏ ብዕሯን አስቀምጣ ነው የሰማቻት፣ እኔ የያዝኩትን ቁጥር ሁሉ ከዛ በኋላ ነው የጠየቀችኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ታሪኩ ይቅደም፣ ወረቀቱ ይከተል፣ ወረቀቱም አንድ ገጽ ይሁን፣ ጥያቄው ላይኛው መስመር ላይ።

ሰባተኛ፣ ሰው አብዙ

ዕድር፣ ቤተክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የተማሪዎች ማህበር፣ ሁሉም ጋ አስር ሰው አይጠፋም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቡና እየተጠጣ 15 ደቂቃ ብትለምኑ ሃያ ስልክ እዛው ይደወላል ወይም ቮይስሜይል ይገባል። ከታክስ ነፃ የሆነ ድርጅት ስለ በጀት ሕግ ሐሳቡን መግለጽ በመጠኑ ይፈቀድለታል፣ እገሌን ምረጡ ማለት ግን በፍፁም አይችልም፣ ይሄን ድንበር ጠብቁ። ኤንአይኤችም ሆነ ሌላ የፌደራል መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ሰዎች በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ ጊዜ፣ እንደ ነዋሪ መደወል ትችላላችሁ፣ በመሥሪያ ቤት ኢሜይልና ኮምፒውተር ግን አታድርጉት።

ስለ ትምህርት አንድ ነገር ልጨምር። የፌደራሉ ብር ከሕዝብ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ውስጥ ከአስር አንዱ ገደማ ነው፣ ዋናው ከስቴትና ከካውንቲ ነው የሚመጣው። ስለ ልጃችሁ ክፍል ብዛት ከሆነ የሚያሳስባችሁ ኮንግረስ ሳይሆን የሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ ነው የምትደውሉት፣ የሜሪላንድ ምክር ቤት ከጃንዋሪ ጀምሮ 90 ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በጀቱን ሜይ መጨረሻ ላይ ያጸድቃል፣ ከዛ በፊት ሕዝብ የሚናገርበት መድረክ አለ፣ ስም አስመዝግቦ ጥቂት ደቂቃ መናገር ነው።

ከደወላችሁ በኋላ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ቀኑን፣ ያነሳውን ልጅ ስም፣ የጠየቃችሁትን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ ይመጣላችኋል፣ ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ ነው፣ "ሐሳብዎን በልቤ እይዛለሁ" ይልና ያልቃል። እሱ መልስ አይደለም። ያንኑ ኦፊስ እንደገና ደውሉና "ደብዳቤውን ፈርመዋል ወይስ አልፈረሙም" ብላችሁ ጠይቁ፣ ፈርመው ከሆነ አመሰግናለሁ በሉ፣ ምስጋና ብሎ የሚደውል ሰው ጥቂት ስለሆነ ስማችሁን ያስታውሳሉ። ካልፈረሙ ቀኑን ጻፉና በሳምንቱ ሌላ ሰው ይደውል።